የኤክሳይመር ሌዘር ብርሃን ሳያቋርጥ እንዲፈስ የተደረገው ምርምርና ለነጋዴው ያለው ትርጉም

በአዲስ አበባና በደሴ መካከል በተዘረጋው አውራ ጎዳና ላይ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ የምትገኘው የሰንበቴ ከተማ በእሑድ ገበያዋ ስመ ጥር መሆኗ ለአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ደገኛውና ቆለኛው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ አማራውና አርጎባው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ይህ ገበያ የሁለት ዓይነት ምድር ፍሬ የሚለዋወጥበት ስፍራ ነው። በዘመናችን ደግሞ ከእህሉና ከከብቱ ጎን አንድ ሌላ ሸቀጥ በየገበያው ገብቷል፤ ይኸውም የእጅ ስልክ ነው። ነጋዴው በእርሱ የሌላውን አገር ዋጋ ይጠይቃል፤ የቴሌብር አገልግሎት በ2021 ከተጀመረ ወዲህም ሒሳቡን በእርሱ ይከፍላል፣ ይቀበላልም።

ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ሸቀጡ ብዙ ያውቃል፤ የትኛው እንደሚፈለግ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚበላሽ ጠንቅቆ ይናገራል። ስልኩ ከምን ዓይነት ሥራ እንደሚወጣና ዋጋውም በምን ላይ እንደ ቆመ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። በስልኩ ውስጥ ሆኖ የሚያስበውና የሚያስታውሰው፣ ቺፕ የሚባለው አካል የተቀረጸው በብረት መሣሪያ ሳይሆን በብርሃን ነው። ያም ብርሃን ኤክሳይመር ሌዘር ከሚባል መኪና የሚወጣ፣ ዓይን የማያየው ብልጭታ ነው። ብልጭታ ያልንበት ምክንያት አለን፤ ይህ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ እንደ ምንጭ ውኃ ሳያቋርጥ አይፈስምና። ሳያቋርጥ እንዲፈስ ለማድረግ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት ብዙ ዓመት ደክመዋል።

ድካማቸው እስከ ምን ደረሰ? እንቅፋት የሆነባቸውስ ምንድን ነው? ይህስ ነገር ለአገራችን ነጋዴ ምን ትርጉም አለው? እነዚህን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ሌዘር ምንድን ነው?

አቶም ኃይል ሲሰጠው ካለበት ደረጃ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፤ ከዚያም ተመልሶ ሲወርድ የተቀበለውን ኃይል በብርሃን መልክ ይሰጣል። በተራ መብራት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በገዛ ጊዜው ስለሚወርድ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል። በሌዘር ውስጥ ግን አንዱ ያወጣው ብርሃን በሌላው አጠገብ ሲያልፍ እርሱንም ቀስቅሶ ያወርደዋል፤ ሁለቱም ብርሃኖች በአንድ አቅጣጫና በአንድ ሥርዓት ይጓዛሉ። በሁለት መስተዋቶች መካከል ይህ ነገር በተደጋገመ ቁጥር ብርሃኑ እየበረታ ይሄዳል።

ለዚህ አሠራር አንድ ቁርጥ ያለ ደንብ አለው። ነጋዴ እንዲረዳው ሁለት መጋዘን አድርገን እናስበው፤ አንዱ ላይኛው፣ ሌላው ታችኛው ነው። ሌዘር የሚሠራው በላይኛው መጋዘን ያለው የአቶም ብዛት በታችኛው ካለው ሲበልጥ ብቻ ነው። ታችኛው ከሞላ፣ በዚያ ያሉት አቶሞች የሚወጣውን ብርሃን መልሰው ይውጡታል። ስለዚህ የሌዘር ሠሪ ሥራ ላይኛውን መጋዘን መሙላት፣ ታችኛውን ማራገፍ ነው።

የመጀመሪያውን ሌዘር አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን በግንቦት ወር 1960 ከቀይ የሩቢ ድንጋይ ሠራ፤ ብርሃኑም በብልጭታ የሚወጣ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በቴህራን የተወለደው አሊ ጃቫን ከባልደረቦቹ ጋር በቤል ላቦራቶሪ ከሂሊየምና ከኒዮን ጋዝ ሳያቋርጥ የሚፈስ የሌዘር ብርሃን አወጣ። ስለዚህ ሁለቱ ዓይነቶች፣ በብልጭታ የሚሠራውና የማያቋርጥ ሞገድ የሚባለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተወለዱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌዘሮች በመጀመሪያ በብልጭታ ተሠርተው ኋላ የማያቋርጡ ሆነዋል። ኤክሳይመር ግን በዚህ መንገድ ሊሄድ አልቻለም።

በንቃት ጊዜ ብቻ የሚኖር ጋብቻ

እንደ ክሪፕቶንና ዜኖን ያሉት ጋዞች በተፈጥሯቸው ከሌላ ጋር በቀላሉ የማይዋሐዱ ናቸው። በኤሌክትሪክ ኃይል በተነቃቁ ጊዜ ግን ጠባያቸው ተለውጦ እንደ ፍሉዎርና ክሎር ካሉት ጋር ይጣመራሉ። ይህ ጥንድ የሚኖረው በነቃበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ኃይሉን በብርሃን ከሰጠ በኋላ ጋብቻው ይፈርሳል፣ ሁለቱም አቶሞች ወደየራሳቸው ይሄዳሉ። ኤክሳይመር የሚባለው እንዲህ ያለው የነቃ ጥንድ ነው።

ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ብናየው የኤክሳይመር ታችኛው መጋዘን ዘወትር ባዶ ነው፤ ጥንዱ ሲወርድ ወዲያው ስለሚፈርስ በዚያ የሚከማች ነገር የለም። ሊቃውንቱን ወደዚህ ጋዝ የሳባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከጥንድ ዜኖን የመጀመሪያውን የኤክሳይመር ሌዘር ብርሃን በ1970 በሞስኮ በሌቤዴቭ ተቋም ኒኮላይ ባሶቭና ባልደረቦቹ በኤሌክትሮን ጨረር እያነቃቁ አወጡ። ባሶቭ ስለ ሌዘር መሠረተ ሐሳብ በ1964 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ነው። በ1975 ደግሞ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ላቦራቶሪዎች ከፍሉዎር፣ ከክሎርና ከብሮም ጋር የተጣመሩት ጋዞች ሌዘር መሆን እንደሚችሉ ተረጋገጠ፤ በኢንዱስትሪ የተስፋፉትም እነዚህ ናቸው።

ዋና ዋናዎቹ በሞገዳቸው ርዝመት ይለያሉ። የአርጎንና የፍሉዎር ጥንድ 193 ናኖሜትር፣ የክሪፕቶንና የፍሉዎር 248፣ የዜኖንና የክሎር 308፣ የዜኖንና የፍሉዎር 351 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይሰጣል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ400 ናኖሜትር ገደማ የሚጀምር ስለ ሆነ እነዚህ ሁሉ ከሐምራዊው ቀለም በታች ያሉ፣ የማይታዩ ናቸው።

የሚሰጠው አገልግሎት

የብርሃን ሞገድ ባጠረ ቁጥር ቀጭን መስመር መቅረጽ ይቻላል፤ ወፍራም ቃጫ በያዘ ብሩሽ ቀጭን ሐረግ መሳል እንደማይቻል ማለት ነው። ስለዚህ በ1982 በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ካንቲ ጄይን የኤክሳይመር ሌዘር ለቺፕ ማተሚያ እንደሚያገለግል አሳየ። በዛሬው ጊዜ በዓለም የሚታተሙት ቺፖች አብዛኛው ንብርብራቸው በ248ና በ193 ናኖሜትር ብርሃን ይሠራል። በሰንበቴ ገበያ በእጅ የሚያዘው ስልክ፣ በአዲስ አበባ በባንክ መስኮት ያለው መቁጠሪያ፣ በጭነት መኪና ሞተር ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሁሉ ውስጣቸው ያለው ቺፕ የዚህ ጥበብ ውጤት ነው።

ሁለተኛው አገልግሎት የስልክ መስታወት ነው። በጥሩ ስልኮች ገጽ ሥር ያለው ስስ የሲሊኮን ንጣፍ በ308 ናኖሜትር ብልጭታ ለቅጽበት ቀልጦ እንደገና በመርጋት ይስተካከላል፤ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለ ሆነ ከሥር ያለው መስታወት አይቃጠልም።

ሦስተኛው የዓይን ሕክምና ነው። በ1981 በአይ ቢ ኤም የምርምር ማዕከል ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፣ ጄምስ ዊንና ሳሙኤል ብለም ከበዓል የተረፈ የቱርክ ዶሮ ሥጋ በ193 ናኖሜትር ብርሃን ሲመቱ ዙሪያው ሳይቃጠል እንደ ምላጭ የተቆረጠ ጠርዝ አገኙ። ከዚህም በኋላ የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮከል በ1983 ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ ይህ ብርሃን የዓይንን ብሌን ፊት ለማስተካከል እንደሚጠቅም ገለጠ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ሩቅ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች እንዲሠራበት በ1995 ፈቀደ።

ሳያቋርጥ ቢፈስ ምን ይጠቅም ነበር?

በቺፕ ማተሚያ የሚሠራ የዛሬ ኤክሳይመር በአንድ ሰኮንድ እስከ 6,000 ጊዜ ይበልጫል። ይህ ለሰሚው ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ብልጭታ 30 ናኖሰኮንድ፣ ማለትም የሰኮንድ 30 ቢሊዮንኛ ይቆያል ብለን ብናሰላ፣ መኪናው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ብርሃኑ በእርግጥ የሚበራበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሰኮንድ እንኳ አይሞላም። ሥራው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ይታጨቃል።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ብልጭታ ኃይል እጅግ የበረታ መሆን አለበት። ይህ ብርታት ብርሃኑ የሚያልፍባቸውን ውድ የመስታወት ሌንሶች በጊዜ ብዛት ይጎዳል። ብልጭታውን የሚያስነሡት የብረት ዘንጎች ይበላሉ፤ ጋዙም እየቆሸሸ ይለወጣል። ከዚህም በላይ አንዱ ብልጭታ ከሌላው በጥቂት ስለሚለያይ የሚታተመው ሥዕል እኩል ብርሃን እንዲያገኝ ብዙ ብልጭታዎች መደመር አለባቸው። ያው የብርሃን መጠን ሳያቋርጥ ቢፈስ ኖሮ ሌንሱ ረጅም ዕድሜ ባገኘ፣ መጠኑም እንደ ሚዛን በተስተካከለ ነበር። የቦርከና ሸለቆ ገበሬ ድንገት የሚወርድ የክረምት ጎርፍና ቀስ ብሎ የሚገባ የመስኖ ውኃ ለማሳው እኩል እንዳይደሉ ያውቃል፤ የውኃው መጠን አንድ ቢሆን እንኳ አንዱ ያጥባል፣ ሌላው ያጠጣል።

ይሁን እንጂ ለሥራ ሁሉ የማያቋርጠው ይሻላል ማለት አይደለም። ለዓይን ሕክምናና ለስልክ መስታወት የብልጭታው ማጠር ራሱ ጥቅም ነው፤ ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዘልቅ ሥራው ያልቃልና። ስለዚህ ምርምሩ በተለይ የተፈለገው መጠንና እርጋታ ለሚጠይቀው ለማተሚያው ሥራ ነበር።

እንቅፋቱ ምንድን ነው?

አንደኛው እንቅፋት የላይኛው መጋዘን ማፍሰሱ ነው። በሩቢ ድንጋይ ውስጥ የነቃ አቶም በላይኛው ደረጃ 3 ሺሕኛ ሰኮንድ ያህል ይቆያል። የክሪፕቶንና የፍሉዎር ጥንድ ግን ከ10 ቢሊዮንኛ ሰኮንድ ያነሰ ጊዜ ብቻ ቆይቶ በራሱ ይወርዳል። ታችኛው መጋዘን ባዶ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ላይኛው እንደ ወንፊት ነው፤ በውስጡ ጥቂት እህል ለማቆየት እንኳ ከላይ እንደ ጎርፍ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የሞገዱ ማጠር ራሱ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሞገዱ በግማሽ ቢያጥር አቶሙ በራሱ የመውረድ ዝንባሌው ስምንት እጥፍ ይሆናል። የአሊ ጃቫን ዓይነት የሂሊየምና የኒዮን ሌዘር የሚሰጠው ቀይ ብርሃን 633 ናኖሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ 193 ናኖሜትር መውረድ በዚህ ሕግ ብቻ ችግሩን 35 እጥፍ ያህል ያከብደዋል። የኤክሳይመር ብርሃን በሰፊ የሞገድ ክልል የተበተነ መሆኑ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ሁለቱ ተደምረው ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቁ በስሌት እናሳይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ቢሆኑም ከእውነተኞቹ መኪናዎች የራቁ አይደሉም። በአንድ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ጋዝ 60 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ ይህም አንድ የቡና ስኒ የሚይዘውን ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ብልጭታ 3 ጁል ኃይል በ30 ናኖሰኮንድ ውስጥ ይሰጠዋል። 3 ጁል ትንሽ ነገር ነው፤ በዚያች አጭር ቅጽበት ግን የሚፈሰው ኃይል 100 ሜጋዋት ይሆናል። መኪናው በሰኮንድ 6,000 ጊዜ ቢበልጭ እንኳ በአማካይ የሚወስደው 18 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ይህን ማንኛውም ፋብሪካ ሊሰጠው ይችላል። ብልጭታው ሳያቋርጥ ይቀጥል ብንል ግን 100 ሜጋዋቱ ሁል ጊዜ መሰጠት አለበት።

በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ1960፣ ማለትም ሌዘር በተፈለሰፈበት ዓመት፣ ሥራ የጀመረው የቆቃ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲሠራ የተሰጠው አቅም 43.2 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ በአንድ የቡና ስኒ ልክ ያለ ጋዝ እንደ ብልጭታው አድርጎ ለማንቃት ሁለት ቆቃ አይበቃም። አንድ ሊትር ጋዝ ቢሆን ደግሞ 1,700 ሜጋዋት ያህል ይጠይቃል፤ ይህም በመስከረም 2025 ከተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሲሶ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ ኃይል ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ጥቂቱ ሲሆን የቀረው ሙቀት ስለሚሆን፣ ቱቦው ራሱ በቅጽበት ይጠፋ ነበር። የማያቋርጥ ኤክሳይመር የሚሻ ሰው ስለዚህ በእጅግ ትንሽ ጋዝና በእጅግ ቁጥብ ኃይል የሚሠራበትን መንገድ መፈለግ ግዴታው ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ጋዙ ራሱ ነው። በመጀመሪያው ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በጋዙ ውስጥ እንደ ጭጋግ ተስተካክሎ ያልፋል፤ ጥቂት ቢቆይ ግን ወደ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እንደ መብረቅ ቀጭን ክር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሌዘሩ ብርሃን ይሞታል። ፍሉዎር ደግሞ ሁሉን የሚበላ ስለ ሆነ የቱቦውን ግድግዳና ዘንጎቹን እያጠቃ ራሱም ያልቃል። በብልጭታ የሚሠራው መኪና ይህን የሚቋቋመው በሁለት ብልጭታዎች መካከል ጋዙን በማራገቢያ ገፍቶ በአዲስ ጋዝ በመተካት ነው። የማያቋርጠው ግን ፋታ የለውም።

ምን ተሞከረ?

ሊቃውንቱ በመጀመሪያ የሞከሩት ብልጭታውን ማስረዘም ነው። ጋዙን አስቀድሞ በጨረር በማዘጋጀትና የኤሌክትሪኩን አገባብ በማሳመር፣ በ1980ዎቹ ዓመታት ከዜኖንና ከክሎር ጥንድ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰኮንድ በላይ የቆየ ብርሃን ለማውጣት ተቻለ። ከተለመደው ብዙ እጥፍ የረዘመ መሆኑ ትልቅ ውጤት ነበር፤ ከማያቋርጠው ጋር ሲነጻጸር ግን ገና ብልጭታ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዘንጎቹን ጨርሶ ማስወገድ ነው። በእነርሱ ምትክ ጋዙ በማይክሮዌቭ፣ ማለትም ምግብ በሚያሞቀው ምድጃ ውስጥ ባለው ዓይነት ሞገድ ከውጭ ይነቃቃል። ዘንግ ከሌለ የሚበላ ብረት የለም፣ ጋዙም ቶሎ አይቆሽሽም። በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ታዳሂሮ ኦሚና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ዓመታት ይህን አሳብ ለቺፕ ማተሚያ እንዲውል አቅደው ሠርተውበታል። ጋዙን በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ማሳለፍ፣ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ፍሉዎር እንዳይበላው አስቀድሞ በፍሉዎር ውሕድ መለበጥ፣ ብርሃን የማያስቀሩ መስተዋቶችን መሥራት ከአሳባቸው ዋና ዋናዎቹ ነበሩ።

ሦስተኛው መንገድ ከሌዘርነት ወርዶ መብራት መሆን ነው። የኤክሳይመር ጋዝ ሌዘር ለመሆን የሚጠይቀውን ኃይል ባያገኝም፣ በጥቂት ኃይል ሳያቋርጥ ሲሰጠው እያንዳንዱ ጥንድ በራሱ እየወረደ ያበራል። በ1980ዎቹ ዓመታት በስዊስ አገር ኤሊያሰንና ኮገልሻትስ ይህን መብራት ለኢንዱስትሪ እንዲያገለግል አዳበሩት። ዛሬ 172 ናኖሜትር የሚሰጠው የዜኖን መብራት መስታወትንና ቺፕን ለማጽዳት፣ 222 ናኖሜትር የሚሰጠው የክሪፕቶንና የክሎር መብራት ተሐዋስያንን ለመግደል ያገለግላሉ። የማያቋርጥ ኤክሳይመር በእርግጥ ወደ ገበያ የገባው በዚህ መልክ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የንግዱ ዓለም ቆሞ አልጠበቀም። የማያቋርጠው ሲዘገይ የብልጭታው መኪና ሠሪዎች፣ በተለይም የአሜሪካው ሳይመርና የጃፓኑ ጊጋፎቶን፣ ብልጭታውን በሰኮንድ ከጥቂት መቶ ወደ 6,000 አሳደጉ፤ አንዱን ብልጭታ በመስተዋቶች ከፋፍሎ ማስረዘምና ሌንሱን ማሳረፍም ቻሉ። የማያቋርጥ አጭር ሞገድ የሚፈልጉ የመመርመሪያ መሣሪያዎች ደግሞ ከጋዝ ይልቅ የረጅም ሞገድ ሌዘርን በክሪስታል አሳልፈው ሞገዱን ወደ 266 ናኖሜትር የሚያሳጥረውን መንገድ መረጡ። ከ2019 ወዲህ በስልክ ቺፕ ሥራ የተስፋፋው 13.5 ናኖሜትር የሆነው አዲሱ ብርሃን እንኳ በሰኮንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሌዘር በመምታት የሚገኝ ስለ ሆነ እርሱም ብልጭታ ነው። የማያቋርጥ የኤክሳይመር ሌዘር ስለዚህ በላቦራቶሪና በወረቀት ላይ የቀረ ምኞት ሆኖ፣ በፋብሪካ ቦታ አላገኘም።

የጋዙ ንግድ

አሁን ነገሩ ወደ ነጋዴው ደጃፍ ይቀርባል። በማተሚያው መኪና ቱቦ ውስጥ ካለው ጋዝ ከመቶው 95 እጅ የሚበልጠው ኒዮን ነው፤ ክሪፕቶን ወይም አርጎን ጥቂት፣ ፍሉዎርም ከመቶ ከአንድ እጅ ያነሰ ነው። ጋዙ እየቆሸሸ ስለሚሄድ መኪናው ዘወትር አዲስ ኒዮን ይፈልጋል።

ኒዮን በአየር ውስጥ አለ። በሰንበቴ ገበያ ላይ ከሚነፍሰው አየር በየሚሊዮኑ ሊትር 18 ሊትር ኒዮን፣ አንድ ሊትር ያህል ክሪፕቶን፣ ከአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ዜኖን ይገኛል። ስለዚህ የኒዮን ጥሬ ዕቃ ያልተሰጠው አገር የለም፤ ውድ የሚያደርገው መለየቱ ነው። አየርን በብርቱ ብርድ አፍስሶ የሚለይ ትልቅ ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ፋብሪካ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ኦክሲጅን በሚፈልጉ የብረት ማቅለጫዎች አጠገብ ነው። ኒዮኑ የኦክሲጅኑ ተረፈ ምርት ነው ማለት ይቻላል።

ከሶቪየት ዘመን በወረሰችው የብረት ኢንዱስትሪ ምክንያት ዩክሬን ለቺፕ የሚሆነውን የዓለም ንጹሕ ኒዮን ግማሽ ያህሉን ታቀርብ ነበር። በ2014 በክራይሚያ ጠብ ሲነሣ የኒዮን ዋጋ ብዙ እጥፍ ናረ። በ2022 በየካቲት ወር ጦርነቱ ሲስፋፋ በማሪዩፖል ያለው ኢንጋስና በኦዴሳ ያለው ክራዮይን የተባሉት ሁለቱ ዋና አቅራቢዎች ሥራቸውን አቋረጡ። ማተሚያ ቤቶቹ ከ2014ቱ ተምረው ጋዝ በመጋዘን አከማችተው፣ ያገለገለውንም አጥርተው መልሰው መጠቀም ጀምረው ስለ ነበር ሥራቸው አልቆመም። በኮሪያም የፖስኮ ብረት ፋብሪካ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ኒዮን በአገሩ ማምረት ጀምሮ ነበር።

ይህ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። ስልክ ከቻይና ይመጣል ብሎ ዋጋውን ከቻይና ብቻ የሚጠብቅ ሰው፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለ ጋዝ ቤት ሲዘጋ ምን ሊመጣ እንደሚችል አያየውም። የማያቋርጥ ኤክሳይመር ምርምር ዘንግ የማይበላበትን ቱቦ ፈልጎ የነበረው ለብርሃኑ ጥራት ብቻ ሳይሆን ጋዙ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይም ነው። ያ መንገድ ባይሳካም ዓላማው፣ ማለትም ጋዝ መቆጠብ፣ በሌላ መንገድ እየተፈጸመ ነው፤ ያስገደደውም የገበያው ችግር ነው።

በአገራችን

በሌዘር ጥናት አገራችን ጨርሳ ባዶ እጅዋን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ፍሥሐ ካሳሁን የሌዘርን ብርሃን ጠባይ በሒሳብ የሚመረምረውን ኳንተም ኦፕቲክስ የተባለውን ትምህርት ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል፤ በ2008ም የዚህን ትምህርት መሠረት የሚያስረዳ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ይህ ጥናት ቱቦና ጋዝ ሳይሆን ወረቀትና ብርቱ አእምሮ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ውድ ላቦራቶሪ በሌለበት አገርም ሊያፈራ ችሏል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተቋምም ለሰንበቴና ለከሚሴ ወጣቶች ቅርብ ነው፤ የኤሌክትሪክና የመኪና ሙያ የሚማር ሰው የእነዚህን መሣሪያዎች ጥገና ለመልመድ መሠረት አለው።

ለአስመጪው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በስሕተት የተገዛ መሣሪያ የሚያደርሰው ጉዳት ከብዷል። ስለዚህ ኤክሳይመር የሚል ስም ያለበትን ዕቃ፣ ለዓይን ሕክምናም ሆነ ለቈዳ ወይም ለማጽጃ፣ ከመግዛት በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ዕቃው ሌዘር ነው ወይስ መብራት? ለለምጽ ሕክምና በ308 ናኖሜትር የሚሠሩት ሁለቱም ዓይነት አሉ፤ ዋጋቸውና አገልግሎታቸው ግን አንድ አይደለም። የማያቋርጥ የኤክሳይመር ሌዘር ነው ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ቢኖር፣ የሚሸጠው ምናልባት መብራት መሆኑን ገዢው ይወቅ።

ሁለተኛ፣ የሞገዱ ርዝመት ስንት ነው? 193ና 308 ናኖሜትር ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ይሠራሉ።

ሦስተኛ፣ ጋዙን ማን ያቀርባል፣ በየስንት ጊዜስ ይለወጣል? ፍሉዎር ያለበት ጋዝ መርዛም ስለ ሆነ ለማጓጓዙና ለማስቀመጡ ፈቃድና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መኪናውን ገዝቶ ጋዙን ያላሰበ ሰው፣ በቅሎ ገዝቶ ገፈራ ያላዘጋጀን ሰው ይመስላል።

አራተኛ፣ መስተዋቱንና መስኮቱን የሚለውጥ ባለ ሙያ በአገር ውስጥ አለን? ከሌለ፣ ሻጩ የአገር ልጅ እንዲያሠለጥን በውሉ ላይ ይጻፍ።

በአጭሩ ለማጠቃለል፣ ኤክሳይመር በብልጭታ የሚሠራው ሠሪዎቹ ስለ ሰነፉ ሳይሆን፣ የነቃው ጥንድ ዕድሜው እጅግ አጭር፣ ሞገዱም እጅግ አጭር ስለ ሆነ ነው። ምርምሩ የብልጭታውን ወሰን አስፍቷል፣ መብራቱንም አስገኝቷል፤ የተፈጥሮን ሕግ ግን አልሻረም። የነጋዴም ትርፍ እንዲሁ ነው፤ ሊለወጥ የሚችለውንና የማይለወጠውን ለይቶ ያወቀ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያወጣም። አንባቢዎቻችን በየገበያው የሚያጋጥማቸውን አዲስ ዕቃ በዚህ ዓይን እንዲመለከቱት ተስፋ እናደርጋለን።